ስለ ጌታ መምጣት፤ ቀን መቍጠርና መትጋት

ድርቅ ወይም ጦርነት ወይም ያልታወቀ ደዌ በተነሣ ቍጥር በየቤታችን የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» የሚለው ነው። ልጅ አባቱን ባልታዘዘ ጊዜ፣ የእህል ዋጋ በናረም ጊዜ ይህንኑ እንላለን። በዘመናችን ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚነሣ ልዩ ልዩ የትንቢት ትርጓሜ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ እስከ ምድጃችን ድረስ ይገባል። አንዱ ይህ ጦርነት በነቢዩ በሕዝቅኤል የተነገረው ነው ይላል፤ ሌላው ይህ መድኃኒት የአውሬው ምልክት ነው ይላል፤ ሦስተኛውም ቀኑን ቈርጦ ይናገራል። ልጆቻችን «ይህ ነገር እውነት ነውን?» ብለው በጠየቁን ጊዜ የምንመልሰው እንዳናጣ፣ በዚህ ወር ስለዚሁ ነገር ከአንባብያን ጋር ጥቂት እንነጋገራለን። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከሁሉ በፊት ክርስቲያኖች የሚስማሙበትን ማወቅ ይገባል። ጌታችን በክብር ተመልሶ በሕያዋንና በሙታን ላይ እንዲፈርድ የማያምን ክርስቲያን የለም። ልዩነቱ የሚነሣው ስለ መምጣቱ ሳይሆን፣ የዳንኤልና የዮሐንስ ራእይ እንዴት ይነበብ በሚለው ላይ ነው። በዚህ ረገድ አራት ዐይነት አንባቢዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ፣ የተነገረው አብዛኛው ነገር በኔሮን ዘመንና በ70 ዓመተ እግዚእ ኢየሩሳሌም በፈረሰች ጊዜ ተፈጽሟል ይላሉ። ሁለተኛዎቹ ራእዩን ከሐዋርያት ጀምሮ እስከ ፍጻሜ የሚሄድ የታሪክ ሰንጠረዥ ያደርጉታል፤ ማርቲን ሉተር የሮምን ጳጳስ ሐሳዊ መሲሕ ያለው በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛዎቹ ሁሉን ወደፊት ይጠብቃሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት ጆን ኔልሰን ዳርቢ የተባለው መምህር፣ ምእመናን ከታላቁ መከራ በፊት በስውር ይነጠቃሉ ብሎ አስተማረ፤ በ1909 የታተመው የስኮፊልድ መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ትምህርት በግርጌ ማስታወሻው በአሜሪካ እጅግ አሠራጨው። አራተኛዎቹ ራእዩን በየዘመኑ የምትፈተን፣ በየዘመኑም የምትጽናና ቤተ ክርስቲያን መስታወት አድርገው ያነቡታል። ሺሁ ዓመት ከጌታ የመጀመሪያ መምጣት እስከ ዳግም ምጽአቱ ያለው ጊዜ ነው፤ ቍጥሩም ምሉእነትን ያመለክታል ብሎ አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ ያስረዳው በዚህ ወገን ነው።

ይህን ስንል አባቶች ሁሉ ከመጀመሪያ ጀምሮ በአንድ ቃል ተናገሩ ማለታችን አይደለም። ሰማዕቱ ዮስጢኖስና የልዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ሄሬኔዎስ የሺሁን ዓመት መንግሥት እንደ ፊደሉ ይጠብቁ ነበር። በ381 በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች ግን የክርስቶስ መንግሥት ፍጻሜ እንደሌላት በሃይማኖት ጸሎት ውስጥ አጸኑ። በእኛም ዘንድ የራእየ ዮሐንስ አንድምታ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በብዙ ወገን ይተረጕመዋል። ይህ «አንድም» የሚለው አነጋገር ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ምሥጢሩን አንድ ሰው በአንድ ቀን ጠቅልሎ ሊይዘው እንደማይችል ያስታውሰናልና።

ቀን የመቍጠር ፈተና ግን አሮጌ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው የሮሙ አቡሊዲስ በዳንኤል ትርጓሜው ሁለት አሳዛኝ ነገሮች ይተርካል። በሶርያ አንድ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ጌታን እንቀበል ብሎ ወንዶችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ይዞ ወደ ምድረ በዳ ወጣ፤ ተቅበዝባዦቹንም የአገሩ ገዥ እንደ ወንበዴ ቈጥሮ ሊያጠፋቸው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በጳንጦስም ሌላው ሕልም አይቶ ፍርዱ በዓመት ውስጥ ይሆናል ስላለ፣ ሰዎች እርሻቸውን ተዉ፤ ብዙዎችም ሀብታቸውን ሸጡ። ዓመቱ አለፈ፤ እነርሱም ለልመና ተዳረጉ። አቡሊዲስ ራሱ ሕዝቡን ለማረጋጋት ሲል ጌታ በ5500 ዓመተ ዓለም ተወለደ፤ ዓለምም 6000 ዓመት ይሞላዋል ብሎ ጻፈ። በእርሱ ሒሳብ ፍጻሜው በ500 ዓመተ እግዚእ ግድም መሆን ነበረበት፤ ያም አለፈ።

ይኸው 5500 ዓመት በእኛም ባሕረ ሐሳብ ዓመተ ኵነኔ ተብሎ የሚታወቀው ነው። በዚህ ሒሳብ ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬ በፍርሃት የምንጠራው ስምንተኛው ሺህ ከገባ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ከገባም በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ የኢማም አሕመድ ጦርነት በአገሪቱ ላይ ወረደ፤ አድባራትና ገዳማት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍት ጠፉ። ምልክት ለሚፈልግ ሰው ከዚያ የበለጠ ምልክት ከየት ይገኝ ነበር? ዓለም ግን አላለፈችም፤ የተረፉት ካህናት መጻሕፍቱን እንደገና ጻፉ፤ ገበሬውም እንደገና አረሰ። በሩስያም በእነርሱ አቈጣጠር 7000 ዓመት የሞላው በ1492 ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው የፋሲካ ሰንጠረዥ ስላልተዘጋጀ፣ ዓመቱ ሲደርስ የሞስኮው ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ለሚመጡት ዓመታት አዲስ ሰንጠረዥ ለማውጣት ተገደዱ።

በአሜሪካ የእርሻ ሰው የነበረው ዊልያም ሚለር በዳንኤል ምዕራፍ 8 የተጻፈውን 2300 ቀን እንደ ዓመት ቈጥሮ፣ ጌታ በ1843 ግድም ይመጣል ብሎ ሰበከ። ያ ባለፈ ጊዜ ተከታዮቹ ጥቅምት 22 ቀን 1844ን ወሰኑ። ከእነርሱ መካከል ሰብሉን ሳይሰበስብ በማሳ የተወ ነበር። በማግሥቱ ፀሐይ እንደ ልማዷ ወጣች፤ ስንቱም ቤት በልቅሶ ተሞላ። በ2011ም ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለው የራዲዮ ሰባኪ ግንቦት 21ን ቈርጦ በየአደባባዩ ማስታወቂያ አስለጠፈ፤ የቍጠባ ገንዘባቸውን ለዚሁ የሰጡ ሰዎችም ነበሩ። ቀኑ ሲያልፍ ወደ ጥቅምት 21 አዛወረው፤ ያም አለፈ፤ በኋላም ካምፒንግ ራሱ ቀን መቍረጡ ኀጢአት እንደ ነበረ በደብዳቤ ገለጸ። የተሸጠው ቤትና የባከነው ጥሪት ግን በዚያ ደብዳቤ አልተመለሰም።

ከቀኑ ሌላ ስም የመስጠቱ ነገርም እንዲሁ ነው። በሕዝቅኤል 38 የተጻፈው ጎግ ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ አምብሮስዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ጎቶች ናቸው አለ። ሉተር ቱርኮች ናቸው አለ። የስኮፊልድ ማስታወሻ ሩስያ ናት አለ፤ በ1970 ሃል ሊንድሴ ያሳተመው፣ በብዙ ሚሊዮን የተሸጠው መጽሐፍም ሶቪየት ኅብረትን አመለከተ። ሊንድሴ ከ1948 እስራኤል መመሥረት ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል ስለ ቈጠረ፣ ብዙዎች 1988ን ሲጠብቁ ኖሩ። በ1990 ኢራቅ ኩዌትን ስትወር ዐይን ሁሉ ወደ ባቢሎን ዞረ፤ በ2022 በዩክሬን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ወደ ሩስያ ተመለሰ። ስሙ የሚለዋወጠው ነቢዩ ቃሉን ስለ ለወጠ ሳይሆን፣ ተርጓሚው በየጊዜው የሚፈራው ጠላት ስለ ተለወጠ ነው። አውግስጢኖስ ግን ጎግና ማጎግ በአንድ ዳርቻ ያለ ሕዝብ ሳይሆኑ በምድር ሁሉ የተበተነው የክፋት ጭፍራ መሆናቸውን አስቀድሞ ተናግሯል።

ነገሩ የሒሳብ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንስቅበት ነበር። ነገር ግን የሰው ደም አለበት። በጥቅምት 7 ቀን 2023 በእስራኤል ወደ 1200 የሚሆኑ ሰዎች ተገደሉ፤ ከዚያም በጋዛ በተደረገው ጦርነት በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ዐለቁ። በዚያው ወር በጋዛ በጥንታዊው የቅዱስ ጶርፊርዮስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የተጠለሉ ክርስቲያኖች በአየር ድብደባ ሞቱ። በዚያን ጊዜ የትንቢት ካርታ ዘርግተው ስንት ቀን እንደ ቀረ የሚቈጥሩ ነበሩ። በእናቶች ልቅሶ መካከል ሰዓት መቍጠር የክርስቲያን ሥራ ነውን? የኢየሩሳሌምን ስም በጸሎታችን የምንጠራ፣ በዴር ሡልጣንም ገዳም መነኮሳት ያሉን እኛ፣ በዚያች ምድር ላይ የሚኖረውን ሰው ሁሉ የእግዚአብሔር ፍጥረት አድርገን እንጂ የትንቢት መጫወቻ አድርገን ልናየው አይገባንም።

በ2020 የኮሮና ደዌ በተነሣ ጊዜም፣ ክትባቱን የአውሬው ምልክት ነው ያሉ ሰዎች በብዙ አገር ታይተዋል። ስለ 666 ቍጥር ግን ሄሬኔዎስ ከአሥራ ስምንት መቶ ዓመት በፊት መክሯል። ከቍጥሩ ጋር የሚስማሙ ልዩ ልዩ ስሞች እንዳሉ ካሳየ በኋላ፣ ስም ከመገመት ይልቅ የትንቢቱን ፍጻሜ መጠበቅ እንደሚሻል ተናገረ። እንደዚያ ያለ ሊቅ የታቀበውን ነገር እኛ በጎረቤት ወሬ ተነሥተን ብንቈርጥና ልጃችንን ከሐኪም ብናስቀር፣ በፍርድ ቀን የምንጠየቀው ስለ አውሬው ምልክት ሳይሆን ስለዚያ ልጅ ይሆናል።

ጌታችን ያችን ቀን የሰማይ መላእክትም እንደማያውቋት በማቴዎስ 24 ተናገረ፤ ሐዋርያትንም ዘመኑንና ወራቱን ማወቅ የእነርሱ ድርሻ እንዳልሆነ በዕርገቱ ጊዜ አስታወቃቸው። በተሰሎንቄም የጌታ ቀን ደርሷል የሚል ወሬ ምእመናንን ባናወጣቸው ጊዜ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ እንዲረጋጉ መከራቸው፤ ሥራ ፈትተው የሚዞሩትንም በጸጥታ እየሠሩ የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ አዘዛቸው። ዐሥሩንም ደናግል እናስብ። አምስቱ ሰነፎች ሙሽራው እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ ያጡት ዘይት ነው እንጂ ቀን አይደለም።

ስለዚህ አባትና እናት የሆናችሁ ሁሉ፤ ቀን የሚቈርጥ ሰባኪ ወደ ቤታችሁ ቢመጣ በትሕትና አሰናብቱት። የጦርነት ወሬ በተሰማ ጊዜ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ለሚሞተውም ለሚገድለውም ጸልዩ። ዘሩን በጊዜው ዝሩ፤ ዕዳችሁን ክፈሉ፤ የተጣላችሁትን ታረቁ፤ ልጁን ትምህርት ቤት ላኩት። ጌታ በዚህች ሌሊት ቢመጣ በዚህ ሥራ ላይ ያገኘናል፤ ቢዘገይም ልጆቻችን የሚበሉት እንጀራና የሚጸኑበት ሃይማኖት ይተርፋቸዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።