የጾም ወጥና የባሌ መሬት

ጾም ለንስሐ የተሠራ ሥርዓት ነው እንጂ ለመሬት ጥበቃ የተደነገገ አይደለም፤ ሁለቱን የሚያቀላቅሉ ሰዎች ስለ በዙ ይህን አስቀድመን እንናገራለን። ነገር ግን ክርስቲያን ረቡዕንና ዓርብን፥ ዐቢዩንም ጾም 55 ቀን ሲጾም በገበታው ላይ የሚቀርበው ሽሮና ክክ በሮቤና በጎባ ዙሪያ ላለው እርሻ ምን እንደሚያደርግለት መመልከት የተገባ ነው።

የሮቤና የሲናና ሜዳ የስንዴ አገር መሆኑን የማያውቅ የለም። ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚዘንም፥ ኮምባይነርም ስለ ገባ፥ ብዙው ገበሬ ስንዴን በስንዴ ላይ መዝራት ለምዷል። ስንዴ ግን ከመሬት ይወስዳል እንጂ አይመልስም። ባቄላና አተር እንዲህ አይደሉም፤ በሥሮቻቸው ላይ በሚታዩት ትናንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ናይትሮጅን የተባለውን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል፤ ከፊሉም ለሚከተለው ዘር በመሬት ውስጥ ይቀራል። ስንዴው ይህን ካጣ በዩሪያ መተካት አለበት። ዩሪያም በብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ተሠርቶ፥ ባሕር ተሻግሮ፥ ከጅቡቲ ተጭኖ የሚመጣ ነው፤ ዋጋውን ገበሬ የሆነ አንባቢያችን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። አንድ ዓይነት ዘር ብቻ ሰፊ አገር ሲይዝ የሚመጣውንም መከራ በ2006 ዓ.ም. አይተናል፤ ዲገሉ የተባለውን ስንዴ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ አጠፋው።

ስለ ሥጋውስ? በ2018 እ.ኤ.አ. ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ታላቅ ጥናት፥ ለሥጋ ከሚረባ ከብት ለሚገኝ 100 ግራም ፕሮቲን በአማካይ 50 ኪሎ ግራም ያህል ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ እንደሚወጣ፥ ከአተር ለሚገኘው ግን ግማሽ ኪሎ እንደማይሞላ ገልጧል። ይህ ቁጥር የባሌን በሬ እንዳለ ይገልጠዋል አንልም፤ የእኛ በሬ አርሶና አበራይቶ ነው የሚታረደው። የእኛ ጭንቀት ሌላ ነው። ሜዳው በስንዴ ሲያዝ ግጦሽ ያጣው ከብት ከጎባ በላይ ወደ ተራራው ይነዳል። እዚያም ያለው ከቱሉ ዲምቱ፥ 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ጫፍ በታች የተዘረጋው የሳነቴ አምባ ነው። የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ ተከለለ፥ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውኃ በወይብና በገናሌ አድርጎ እስከ ሶማልያ ይደርሳል። ሣሩ ተግጦ ሲያልቅ የሚጎዳው እንግዲህ የጎባ ሰው ብቻ አይደለም።

ማገዶውም አለ። ጽዱና አስታው ለምድጃ ይቆረጣል፤ ለእርሻ ፍግ መሆን የሚገባው ኩበትም ይነድዳል። ስለዚህ ሽሮ ፈጥኖ የሚበስል በመሆኑ ብቻ እንኳ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ባቄላን በድፍኑ የሚቀቅል ሰው ደግሞ ሌሊቱን ዘፍዝፎ ቢያሳድረውና ድስቱን ቢከድነው ብዙ እንጨት ያተርፋል።

በአንድ ነገር ግን የዛሬው የጾም ገበታ ከአባቶች ገበታ ተለይቷል። በየሱቁ የምንገዛው የሚረጋው ዘይት ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣ የፓልም ዘይት ነው፤ ለተክሉም በዚያ አገር ብዙ ደን ተመንጥሯል። ድኻ ቤተሰብን ስለ ርካሽ ዘይት አንወቅሰውም። ሆኖም ባሌ የተልባ አገር ነው፤ ተልባውን ቆልቶ፥ ወቅጦ፥ በውኃ በጥብጦ ጨውና በርበሬ ጣል አድርጎ እንጀራ የፈተፈተበት ሰው በዚያ ቀን ዘይት አያሻውም።