ጥርሷን ተዉት

ይኸው ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት፤ «ጥርሷ ነው»። የሰባት ወር ሕፃን የጠባችውን ሁሉ ስታስመልስ አድራ፣ ሲነጋ ቀጭን ውኃ ያስቀምጣት ጀመር። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጥርሷ ላይ ፈረደ። አያትየዋ ጭራሽ «ግግ የምታወጣ ሴት አውቃለሁ» ሲሉ ደሜ ፈላ።

ግግ ማውጣት ከሚሉት፣ የሕፃንን ድድ በስለት ከመቁረጥ ልማድ ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም። ልጅ ጥርስ የሚያበቅልበትና እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከትበት ጊዜ ስለሚገጣጠም ብቻ ጥርስ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። በስለት ድዱ የተቆረጠ ሕፃን ተቅማጡ አይቆምለትም፤ ደም መፍሰስና ቁስል ይጨመርበታል። በዚህ ዕድሜ ሕፃናትን ክፉኛ ከሚያስቀምጡት ዋነኛው ሮታቫይረስ ነው። ትውከትና ትኩሳት ይዞ ይመጣል፤ አንቲባዮቲክም አይነካውም።

«ክትባቷን ጨርሳለች?» አልኳት እናትየዋን።

«ኧረ ጨርሳለች፤ የፖሊዮ ጠብታዋን ወስዳለች።»

ካርዱን ስናየው ሮታ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቷል፤ የሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። ለእሷ በአፍ የሚሰጥ ሁሉ ፖሊዮ ነው። እሷን አልወቅሳትም። የሮታ ክትባት ወደ አገራችን መደበኛ ክትባት የገባው በ2006 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶም ስሙን ሳይነግሯት በልጇ አፍ ካንጠባጠቡላት ከየት ታውቀዋለች? ጠብታውን የሚሰጠው ባለሙያ «ይህኛው ለፖሊዮ፣ ይህኛው ለከባድ ተቅማጥ» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ክትባቱ ለምን እንደዘገየ ስጠይቃት ያልጠበቅሁትን ነገረችኝ። ክርስትና ሳትነሣ ከቤት አትውጣ ተብሎ ነበር። ቁጭ ብዬ ቀኑን ቆጠርሁት። ሮታ የሚሰጠው በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ነው፤ በ42ኛውና በ70ኛው ቀን መሆኑ ነው። ወንድ በ40 ቀኑ ክርስትና ስለሚነሣ ይደርስበታል። ሴት ልጅ ግን ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው። ክርስትናዋ እስኪደርስ ከጠበቅን ሁለቱም ቀጠሮዎች ያልፏታል! ይህን ከየትኛውም ፖስተር ላይ አንብቤ አላውቅም። የንስሐ አባቶቻችን አራስ ሊጠይቁ ሲገቡ «ክትባቱ ክርስትናውን አይጠብቅም» ቢሉልን ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። አያት የሚሰሙት እነሱን ነው።

«እኛ በንጽሕና ነው ያሳደግነው» የሚሉ አሉ። ንጽሕና ግድ ነው፤ ነገር ግን ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት የቧንቧ ውኃ በሞላባቸው ሀብታም አገሮችም ሕፃን ሁሉ ለማለት ይቻላል ሮታ ይይዘው ነበር። እርግጥ ክትባቱ ተቅማጥን ሁሉ አያስቀርም፤ ሌሎችም ተዋሲያን አሉ። የሚከላከለው ሕፃኑን አድርቆ የሚገድለውን ከባዱን ሮታ ነው።

ልጅቷ ጤና ጣቢያ ደርሳ በኦአርኤስና በዚንክ አገግማለች። ስትደርስ እርግብግቢቷ ሰርጎ ነበር፤ ስታለቅስም እንባ አልነበራትም። ሌላ አንድ ቀን ጥርስ ጥርስ እየተባለ ቢያልፍ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

የሮታ ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ጨቅላ ያላችሁ ዛሬውኑ ካርዱን አውጡ፤ አባቶችም ጭምር። ሮታ በሚለው መስመር ላይ ሁለት ቀን ተጽፎ ካላገኛችሁ ሳታድሩ ሄዳችሁ ጠይቁ።