ንባብ ኮሶ ነው እንዴ?

ስለ ንባብ በተጠሩ ስብሰባዎች ላይ ተቀምጬ ስንት ጊዜ እንዳዛጋሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ተናጋሪው ይነሣል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ «የንባብ ባህላችን ሞቷል» ይላል። ቀጥሎ ንባብ ትውልድን ስለ መቅረጹ፣ አገርን ስለ ማሳደጉ ይዘረዝራል። ጭብጨባው ይከተላል፤ ሻይ በብስኩት ይቀርባል። በዚህ ሁሉ መካከል «ትናንት ማታ አንድ መጽሐፍ ጀምሬ እንቅልፍ ነሣኝ» ያለ አንድም ተናጋሪ እስካሁን አልሰማሁም።

በበኩሌ የንባብን ነገር ያበላሹት የማያነቡት ሰዎች አይመስሉኝም። ያበላሸነው እኛው ነን፤ ንባብን እናስፋፋ ባዮቹ። መጽሐፍን ኮሶ አደረግነው። «መራራ ነው፤ ግን ያሽርሃል፤ አፍንጫህን ይዘህ ጨልጠው» አልነው ልጁን። ኮሶን ወድዶ የደገመ ልጅ ደግሞ አላየሁም።

በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚጻፈውን፣ አንባቢ ሙሉ ሰው መሆኑን የሚያውጀውን መፈክር ታውቁታላችሁ። ምንጩ ፍራንሲስ ቤከን የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ጥናትና ስለ ንባብ የጻፋት፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1597 የታተመች አጭር መጣጥፍ ናት። የሚገርመው፣ ሰውዬው በዚያችው መጣጥፍ መግቢያ ላይ የነገሩን ጥቅም ሲቆጥር በመጀመሪያ ያስቀመጠው ደስታን ነው። ጌጥነቱንና ለሥራ መጥቀሙን ያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ታዲያ መግቢያውን ትተን ከመካከሉ የቆረጥነውን ለጠፍን። እንግዲህ መፈክሩን የለጠፈው ሰው መጣጥፏን አንብቧት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

እኔ ማንበብ የለመድኩት በመፈክር ሳይሆን በኪራይ ነው። በሰፈራችን አንድ ሰውዬ በጠባብ የቆርቆሮ ሱቁ ልብ ወለድ ያከራይ ነበር፤ በቀን ሃያ አምስት ሳንቲም፣ መያዣው የተማሪ መታወቂያ። መጻሕፍቱ በሲሚንቶ ወረቀት ተለብጠው፣ ጠርዛቸው በእጅ ወዝ ጠቁሮ፣ የብዙ ሰው ቤት የወጥና የላምባ ሽታ ይዘው ይመጣሉ። የማሞ ውድነህን የስለላ ታሪኮች የተዋወቅሁት እዚያ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ ዛሬ ካልጨረስክ ነገ ሌላ ሃያ አምስት ሳንቲም። ስለዚህ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ብርድ ልብስ ውስጥ ይነበባል፤ እናት ስትነቃ «የቤት ሥራ ነው» ይባላል። አንድ ጊዜ የተከራየሁት መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾቹ ተገንጥለው ጠፍተው ነበር። ስመልስ ብነግረው፣ ሰውዬው በርጩማ ላይ አስቀምጦ የቀረውን በቃሉ ተረከልኝ። ከዓመታት በኋላ ሙሉውን አግኝቼ ሳነበው አጨራረሱ እሱ ከነገረኝ ጋር ምንም አይገናኝም። ለካ ከራሱ ፈጥሮት ኖሯል! እውነቱን ለመናገር የእሱ ይሻል ነበር።

ፊደል ያልቆጠረውም ቢሆን ደስታው አልቀረበትም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶቻችን ፊታውራሪ መሸሻን እንደ ሰፈራቸው ሹም ያሟቸው ነበር። ጉዱ ካሳ እብድ ነው፣ አይደለም እያሉ ቡና ላይ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። የታሪኩ ጭብጥ ምንድን ነው ብሎ ያፋጠጣቸው አልነበረም።

ደስታ ስል ሳቅና ጨዋታ ብቻ ማለቴ አይደለም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ መዞሩን ቀጠለ። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉን ይዞ መገኘት አደጋ መሆኑ ግልጽ ነበር፤ ሰው ግን አነበበው፤ ስላጓጓው። ነቢይ መኮንንም በደርግ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ረጅም ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመ። ወረቀቱ በሺህ የሚቆጠር ነበር፤ ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። በእስር ላይ ያለ ሰው ስለ አሜሪካዊቷ ስካርሌት ምን አስጨነቀው? ፈተና ሊያልፍበት ነው? ሹመት ሊያገኝበት?

የእኅቴ ልጅ ዐሥረኛ ክፍል ነው። በቅርቡ አንድ ጥሩ አጭር ልብ ወለድ በክፍል ተማሩ። «እንዴት አገኘኸው?» አልኩት። «መቼቱ ገጠር ነው፤ ግጭቱ ሰው ከራሱ ጋር ነው» አለኝ። ደግ፤ ማርኩን አግኝቷል። «ሰውዬው መጨረሻ ላይ ምን ሆነ?» ብለው፣ «እሱ እንኳ አይመጣም ብለውናል፣ ጋሼ» አለኝ።

መጽሐፍ ተወደደ የሚለኝን ሰው አልከራከረውም፤ እውነቱን ነው። ለአንድ ልብ ወለድ ብዙ መቶ ብር ማውጣት ከቤት ኪራይና ከዘይት ተርፎት ለማን ነው? ወጣቱ ግን መላ አላጣም፤ ገጽ በገጽ ፎቶ የተነሣ መጽሐፍ በቴሌግራም ይቀባበላል። የደራሲውን ጉሮሮ የሚዘጋ ሌብነት ነው፤ አልደግፈውም። ነገር ግን የንባብ ባህል ሞቷል በተባለበት አገር ማንም የማይፈልገውን ዕቃ ማን ይሰርቃል?

«ልብ ወለድ ጊዜ ማባከኛ ነው፤ ቁም ነገር ይነበብ» የሚሉም አሉ። ለእነሱ በየአስፋልቱ ዳር ሀብታም የመሆኛ መንገድ የሚያስተምሩ ትርጉሞች ተደርድረውላቸዋል፤ ያንብቡ። እኛ የዚያ ቆርቆሮ ሱቅ ደንበኞች ግን ከስለላው ወደ በዓሉ፣ ከበዓሉም ወደ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የተሻገርነው ማንም ሳይገፋን ነው። «አደፍርስ» ደግሞ ለአንባቢ የሚራራ መጽሐፍ አይደለም፤ የሞከረው ያውቀዋል።

ከማንም ትልቅ ነገር አልለምንም። ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ልጆቹ ደክሟቸው ደብተራቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ መምህሩ አንድ ልብ ወለድ ይዞ ይቀመጥና ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። ማስታወሻ አይጻፍ፤ ማርክ አይያዝ። እሱ ራሱ የወደደውን ያንብብ፤ የወደደው መጽሐፍ ከሌለው ክፍለ ጊዜውን ላለው ባልደረባው ይልቀቅ። ደወሉ ሲደወልም ነገሩ በጦፈበት ቦታ ላይ መጽሐፉን ዘግቶ ይውጣ። እስከሚቀጥለው ዓርብ መታገስ ያቃተው ልጅ ቀሪውን የት እንደሚያገኘው ራሱ ያፈላልጋል።