ሁሉም ጉዱ ካሣ ከሆነ መሸሻ የማን ዘመድ ነው?

ባለሥልጣን የዘለፈ ሁሉ «የዘመናችን ጉዱ ካሣ» እየተባለ ነው። ማንም ሳይሰይመው ስሙን ራሱ ላይ የለጠፈም ሞልቷል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ግን ይህ ስም ሽልማት አልነበረም።

ሰውዬው ካሣ ዳምጤ ነው። «ጉዱ»ን የጨመሩበት የአገሩ ሰዎች ናቸው። የሚናገረው እውነት ይሁን ሐሰት መመርመር ሳያስፈልጋቸው በአንዲት ቃል ተገላገሉት፤ ጉድ ነው፣ እብድ ነው፣ አለቀ። ዛሬም ጥያቄ ላነሳ ሰው የሚሰጠው መልስ ቅጽል ስም ነው፤ ባንዳ፣ ተላላኪ፣ ጽንፈኛ። ዘዴው አላረጀም።

በዚህ ልቦለድ ስም ዝም ብሎ አይወጣም። መሸሻ ማለት መጠጊያ፣ ጉልበተኛ ሲመጣ ሮጠው የሚገቡበት ማለት ነው፤ ገበሬው ግን መሸሻ ያጣው ከራሳቸው ከፊታውራሪ መሸሻ ነው። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል፣ የወንጌል አዝመራ፣ አባቷ ለዘራቸው የሚመጥን ባል ሲያማርጡ ሳትሰበሰብ እንደቀረች ሰብል ጊዜዋ ያልፍባታል።

አብዛኛው አንባቢ ካሣንና መሸሻን ፊት ለፊት አቁሞ ንጽጽሩን እዚያው ይጨርሳል። ከካሣ ጎን መቆም ያለበት ሌላ ሰው አለ፤ አበጀ በለው። ካሣ ሥርዓቱ እንደበሰበሰ ከማንም ቀድሞ አይቷል፣ ይናገራልም፤ የሚሰማው ግን እንደ በዛብህና ሰብለ ያለ ጥቂት ሰው ነው። አበጀ ንግግር አያበዛም። ፊታውራሪው ከተለመደው በላይ ሲጠይቁ ገበሬውን አስተባብሮ እምቢ አለ፤ ሊቀጡት የዘመቱት ጌታም ተማርከው አረፉት። ስሙን ደግማችሁ አንብቡት። «አበጀ» ማቃናት ነው፣ «በለው» ደግሞ ምታው። በአጋጣሚ የወጣ ስም ነው የሚል ካለ ይከራከር።

ታዲያ ካሣ ከንቱ ለፍላፊ ነበር? አይደለም። የነቀፈው የራሱን ወገን ነው። መሸሻ ዘመዱ ናቸው፤ በዘር ሐረግ የሚኮራው መደብ የተወለደበት መደብ ነው። ዝም ቢል ኖሮ በክብር ከማዕድ ይቀመጥ ነበር። ተናግሮ ያተረፈው መሳለቂያነትን ብቻ ነው፤ ካሣ ተብሎ ካሣ ሳያገኝ ኖረ።

የዛሬው ስም ወራሽ ድንጋዩን የሚወረውረው ወደ ሌላው ሰፈር ነው። በወረወረ ቁጥር የራሱ ሰፈር ያጨበጭብለታል፣ ተከታዩ ይጨምራል፣ «ጀግናችን» ይባላል። የገዛ ሰፈሩ ፊታውራሪ ከተለመደው በላይ ሲጠይቅ ግን ድምፁ አይሰማም። ካሣ ዳምጤን «ጉዱ» ያለው ደግሞ የሩቅ ጠላት ሳይሆን የገዛ ጎረቤቱ ነበር።