ተስፋን ሊያቃጥል የተነሣ ንጉሥ

አማን ውስጥ ከማዳም ልጆች ጋር ካርቱን የምታዩ ብዙ ናችሁና፣ ዛሬ ስለ «አቫታር» ላውጋችሁ። ሰማያዊ ሰዎች ያሉበትን ፊልም አይደለም፤ በራሱ ላይ ቀስት የተነቀሰውን ልጅ፣ አንግን ነው። (ቄስም ካርቱን ያያል?! አትበሉኝ።)

ክፉው ንጉሥ ኦዛይ ፊቱ እንኳ እስከ 3ኛው ምዕራፍ በግልጽ አይታይም። ጭካኔው ግን ከቤቱ ጀምሯል፤ የ13 ዓመት ልጁን ዙኮን «አባቴን አልወጋም» ስላለ ፊቱን አቃጥሎታል። መጨረሻ ላይ፣ የተወረረው ሕዝብ ለምን እንደማይገዛ ሲጠይቅ፣ ዙኮ «ተስፋ ስላላቸው ሁሉን ይችላሉ» አለው። ይህን ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል? ፓስፖርታችሁ በሌላ ሰው መሳቢያ ተቆልፎ ወር የምትቆጥሩት በምን ሆነና!

ኦዛይ ግን ያንኑ ተስፋ ሊያጠፋ ተነሣ። ልጁ አዙላ «አገሩን በሙሉ አቃጥለው» ብላ መከረችው፤ ደስ አለው። እስከዚያ የፈለገው መሬት ነበር፤ መሬት የሚፈልግ ቢያንስ መሬቱን ይተዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. በታየው መደምደሚያ፣ ጅራታም ኮከብ ኃይሉን ሲያበዛለት በአየር መርከብ ሊያነድ ወጣ።

ሁሉም «ግደለው» ቢሉትም፣ መነኮሳት ያሳደጉት የ12 ዓመቱ አንግ የእሳት ኃይሉን ብቻ ወስዶ በሕይወት ተወው። የማዳም ልጆች «ለምን አልገደለውም?» ሲሏችሁ በዓረብኛችሁ ምን እንደመለሳችሁ ንገሩኝ።