«በቅርብ ቀን» መቼ ነው?

በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ደጃፍ የሚሰቀሉትን ማስታወቂያዎች ቆም ብሎ ያነበበ ሰው ሁለት ዓይነት ቃል ያገኛል። አንደኛው «ዘወትር እሑድ» ወይም «ዘወትር ሐሙስ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «በቅርብ ቀን» የሚል ነው። የፊተኛው መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አይናገርም። የኋለኛው ደግሞ ጭራሹን ቀን የለውም። በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል አንድ ትልቅ ጉዳይ ተደብቆ ይገኛል፤ ይኸውም በመድረክ ላይ ያለው ቴአትር መቼ እንደሚወርድ፣ በበር የቆመውም መቼ እንደሚገባ በግልጽ የሚናገር አለመኖሩ ነው።

አሳባችንን ከመነሻው በአጭሩ እንናገር። ማንኛውም ቴአትር ሲከፈት የሚዘጋበት ቀን አብሮ መነገር አለበት እንላለን። ተመልካች ከበዛ ይራዘም፤ ነገር ግን መራዘሙም ልክና ቀን ይኑረው። ይህን የምንለው በሥራ ላይ ያሉትን ለመቃወም ሳይሆን ለሁሉም ወገን፣ ለነባሩም ለአዲሱም ለተመልካቹም የሚበጅ ስለሚመስለን ነው።

በመጀመሪያ የከተማችንን ልማድ እንመልከት። በአዲስ አበባ አንድ ቴአትር ቤት አንድ ሥራ ብቻ ይዞ አይቀመጥም። የሳምንቱን ቀኖች ለልዩ ልዩ ቴአትሮች ያካፍላል፤ አንዱ ማክሰኞ፣ አንዱ ሐሙስ፣ ሌላው ቅዳሜ ወይም እሑድ ይታያል። ስለዚህ አንድ ቴአትር በአብዛኛው የሚታየው በሳምንት አንድ ጊዜ ነው። ልማዱ ጥቅም የለውም አንልም። ተዋናዩ ሌላ እንጀራ የሚያገኝበትን ሥራ ለመሥራት ጊዜ ያገኛል፤ ተመልካቹም ቀኑን ለይቶ ያውቃል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥም ልዩ ልዩ ዓይነት ሥራ ለማየት ይችላል።

ይሁን እንጂ ከዚሁ ልማድ አንድ የሒሳብ መምታታት ተወልዷል። «ይህ ቴአትር ሁለት ዓመት ሙሉ ታየ» ሲባል ለጆሮ ትልቅ ነገር ይመስላል። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚታይ ቴአትር አንድም ቀን ሳይታጐል ሁለት ዓመት ቢቆይ 104 ጊዜ ይታያል። በኒው ዮርክ ከተማ ብሮድዌይ በሚባለው የቴአትር ሰፈር ግን አንድ ቴአትር በሳምንት 8 ጊዜ መታየቱ የተለመደ ነው። እዚያ 104 ጊዜ የሚሞላው በ13 ሳምንት፣ ማለት በሦስት ወር ነው። እንግዲህ የኛ ሁለት ዓመት የነሱ ሦስት ወር መሆኑ ነው። ይህን ያነሣነው የኛን ለማሳነስ አይደለም። በዓመት ተቈጥሮ ረጅም የሚመስለው ሥራ በመድረክ ተቈጥሮ ረጅም እንዳልሆነ፣ እርሱ ሳይጠግብ ግን እሑዱ ለሁለት ዓመት እንደ ተያዘ ለማሳየት ነው።

አሁን ደግሞ የተሰለፈውን ወገን እንመልከት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር እንደ አንድ የትምህርት ክፍል መሰጠት ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ድርሰት መጻፍ፣ ማዘጋጀትና መተወን የተማሩ ወጣቶች እየተመረቁ ይወጣሉ። ከነዚህ አንዱ ድርሰቱን ይዞ ወደ አንድ ቴአትር ቤት ቢሄድ በቅድሚያ ድርሰቱ ይገመገማል። ግምገማውን ቢያልፍ ተራ ጠብቅ ይባላል። ተራው ግን ከፊቱ ያለው ሥራ መቼ እንደሚወርድ ስለማይታወቅ በቀን መቍጠሪያ ላይ ቦታ የለውም። ስለ ዘንድሮ የቤት ኪራይ የጻፈው ቀልድ በሦስተኛው ዓመት ተረት ይሆናል። ለጥናት የሰበሰባቸው ጓደኞቹ አንዱ ወደ ማስታወቂያ ሥራ፣ አንዱ ወደ ፊልም፣ አንዱም ከነጭራሹ ወደ ሌላ ሙያ ይሄዳሉ። በመጨረሻ መድረኩ ባዶ ሆኖ ቢጠራው እንኳ ከርሱ ጋር የሚወጣ ሰው አያገኝም።

ይህ የጥቂት ወጣቶች ብሶት ነው ብሎ የሚንቀው ቢኖር ታሪካችንን ያስታውስ። ብሔራዊ ቴአትር ቤታችን በ1948 ዓ.ም. በሩን የከፈተው በአገር ልጅ ድርሰት፣ በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ በመድረክ ሲታዩ ገና ወጣት ነበር። ያን ጊዜ «ተራ ጠብቅ» ተብሎ ዓመታት ቢያልፉበት ኖሮ ዛሬ በኩራት የምንጠራው ስም ይኖረን ነበር ወይ? ዛሬ አንጋፋ የምንለው ሁሉ ትናንት አንድ ሰው መድረክ የለቀቀለት ጀማሪ ነበር።

የመዝጊያን ቀን አስቀድሞ መናገር ሥራውን መግደል የሚመስለው ይኖር ይሆናል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አንድ ማስረጃ ከዚያው ከኒው ዮርክ እናቅርብ። የአንድሩ ሎይድ ዌበር «የኦፔራ ቤቱ መንፈስ» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ማጀስቲክ በሚባለው አዳራሽ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1988 ነው። ከ34 ዓመት በኋላ በ2022 የመዝጊያው ቀን ለፌብሩዋሪ 18 ቀን 2023 መቈረጡ ተነገረ። ወዲያው ሕዝቡ ትኬት ለመግዛት ተሽቀዳደመ፤ በዚህም ምክንያት መዝጊያው በ8 ሳምንት ተራዝሞ ኤፕሪል 16 ቀን 2023 ሆነ። በዚያ ቀን በእውነት ተዘጋ፤ 13,981 ጊዜም ታይቶ ነበር። እኛ በሳምንት አንድ ጊዜ እያሳየን እዚህ ቍጥር ለመድረስ 269 ዓመት ያህል ያስፈልገናል!

ከዚህ ነገር የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? በ34 ዓመት ውስጥ «አንድ ቀን አየዋለሁ» ሲል የኖረው ሁሉ ቀኑ ሲቈረጥ ነው ከቤቱ የወጣው። በኛም አገር ይኸው ነው። ሠርግ የሚሞላው ቀን ስላለው ነው፤ በሚመጣው ሳምንት እሄዳለሁ የሚል ዕድምተኛ የለም። «ዘወትር እሑድ» የተባለውን ቴአትር ግን ሁላችንም ዛሬ ነገ ስንል እንቈያለን፤ በመጨረሻም ሳይነገረን ይወርድና «አመለጠኝ» እንላለን። የሚዘጋበት ቀን የታወቀ ቴአትር ተመልካቹን ይጠራል፤ የማይታወቀው ያስተኛዋል።

እዚህ ላይ «እነለንደን ሰባ ዓመት የሚያሳዩት አለ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። የአጋታ ክሪስቲ «የአይጥ ወጥመድ» በለንደን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በ1974 ወደ ጎረቤት አዳራሽ ከመዛወሩ በቀር ሳያቋርጥ ቈይቶ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ቴአትር ቤቶችን ሁሉ ሲያዘጋ ቆመ፤ በሜይ 2021 እንደ ገና ተከፈተ። በፓሪስም የኢዮኔስኮ «መላጣዋ ዘፋኝ» ዩሼት በምትባል ከ100 ሰው በታች በምትይዝ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ከ1957 ጀምሮ ስትታይ ኖራለች። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ በለንደን ምዕራባዊ የቴአትር ሰፈር ብቻ ወደ 40 የሚጠጉ ቴአትር ቤቶች አሉ፤ አንዱ በአንድ ሥራ ቢያዝ ሌሎቹ ለአዲሱ ክፍት ናቸው። የኛዎቹ ግን በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ሁለተኛ፣ «የአይጥ ወጥመድ» የሚኖረው ተዋናዮቹን በየጊዜው እያደሰ ነው። እኛ ዘንድ ግን አንዳንድ ጊዜ የሚታየው ሌላ ነው፤ ተዋናዩ ሰልችቶት ቃሉን በጥድፊያ ይለዋል፣ ልብሱ ያረጃል፣ ከብዙው ወንበር የተያዘው የፊተኛው ረድፍ ብቻ ይሆናል፣ ሥራው ግን «ሕዝብ ስለ ወደደው» እየተባለ ይቀጥላል። ሕዝብ የወደደው ሥራ አዳራሹን ይሞላል፤ አዳራሹ ባዶ ከሆነ የቀጠለው በሕዝብ ፍቅር ሳይሆን በልማድ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን ለመለየት እንወዳለን። የኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ የሚጀምረው በታገደ ቴአትር ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በመኳንንቱ ፊት ከታየ በኋላ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ይህ ከሆነ 100 ዓመት አልፎታል። ስለዚህ «ቴአትር ይውረድ» የሚል ቃል ስንናገር መጠንቀቅ ይገባናል። እኛ የምንጠይቀው ማንም ባለ ሥልጣን ወይም ባለ ወንበር ደስ ያላለውን ሥራ እንዲያወርድ አይደለም። የምንጠይቀው ሥራው ከመከፈቱ በፊት በደራሲውና በቴአትር ቤቱ ስምምነት የተቈረጠ፣ ለሁሉም እኩል የሆነ፣ በአደባባይ የተጻፈ ቀን ነው። እንዲህ ያለ ቀን ደራሲውን ከእግድም ይጠብቀዋል፤ ቀኑ ሳይደርስ ሥራው ቢወርድ «ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ መብት ይሰጠዋልና።

የቴአትር ቤት ኀላፊዎች የሚያቀርቡትን ምክንያትም እናውቃለን። አንድ ቴአትር ለማዘጋጀት ወራት ይፈጃል፤ ለልብስ፣ ለመድረክ ዕቃ፣ ለማስታወቂያ ገንዘብ ይወጣል፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሚታይ ይህን ወጪ ለመመለስ ረጅም ጊዜ ያስፈልገዋል ይላሉ። ምክንያቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን በውስጡ አለ። በሳምንት አንድ ቀን እየታየ ዓመታት ከሚንጠባጠብ፣ በሳምንት ሦስት ቀን እየታየ ስምንት ወር ቢቈይ ከ100 ጊዜ በላይ ይታያል፤ ከዚያም ቀኖቹን ለሚቀጥለው ይለቃል። ተዋናዮቹ ሌላ ሥራ ስላላቸው ሦስት ቀን አይመቻቸውም ለሚለው፣ ለዋና ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ተጠባባቂ ተዋናይ ማሰልጠን ይቻላል። ይህም ደግሞ ለወጣቶቹ አንድ በር ይሆናል።

እንግዲህ አሳባችንን በነገር በነገሩ እናስቀምጥ። አንደኛ፣ በማስታወቂያው ላይ የመክፈቻው ቀን ብቻ ሳይሆን የመዝጊያውም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ አዳራሹ እየሞላ ከሆነ ይራዘም፤ ግን የተራዘመበት የሳምንት ቍጥር ተለይቶ ይነገር። ሦስተኛ፣ ከሳምንቱ ቀኖች አንዱ የመጀመሪያ ሥራቸውን ለሚያቀርቡ ደራስያን ይለይ፤ በዚያም ቀን የተማሪ ዋጋ ይደረግ። አራተኛ፣ የተዘጋው ሥራ ተረስቶ አይቅር። በአዲስ አበባ ያበቃው ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ድሬዳዋ ይሂድ፤ ከዓመታት በኋላም በአዲስ ተዋናዮች ይመለስ። ማራዘም በአንድ ከተማ ውስጥ በቀን ብዛት ብቻ መሆን የለበትም፤ በአገርም ስፋት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ነገሩን ወደ ራሳችን ወደ ተማሪዎቹ እንመልሰው። ቴአትር ቤት አዲስ ሥራ አያቀርብም ብሎ በካፌ ጠረጴዛ ዙሪያ መውቀስ ቀላል ነው። አዲስ ሥራ ሲከፈት ግን በመጀመሪያው ሳምንት ወንበሩን የሚሞላው ማነው? ስሙ ያልታወቀ ደራሲ ሥራውን ሲያቀርብ ተማሪው «ሌሎች ይዩትና ጥሩ ከሆነ እሄዳለሁ» ካለ፣ የቴአትር ቤቱ ኀላፊ ወደ ተሞከረው ሥራ ቢመለስ በምን አፋችን እንወቅሰዋለን? የተማሪዎች ማኅበራችን በየወሩ አንድ አዲስ ቴአትር መርጦ ትኬት በጅምላ ቢገዛና ከሥራው በኋላ ከደራሲው ጋር ውይይት ቢያዘጋጅ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቀውም። የሚጠይቀው አሳብና ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እነዚህም በግቢያችን ሞልተዋል።

«በቅርብ ቀን» የሚለው ቃል ተስፋ ነው። ቀን ያልተቈረጠለት ተስፋ ግን ሲውል ሲያድር ማባበያ ይሆናል። ስለዚህ በመድረክ ላይ ያላችሁ መቼ እንደምትወርዱ ንገሩን፤ በደስታ መጥተን በጭብጨባ እንድንሸኛችሁ። በበር የቆማችሁም ቀናችሁን ንገሩን፤ በመጀመሪያው ቀን በፊተኛው ወንበር ተቀምጠን እንድንጠብቃችሁ።