በረኪናና የስፒሩሊና ገንዳ፦ ለአምራቾችና ለተቆጣጣሪዎች ማሳሰቢያ

ስፒሩሊና የተባለውን አልጌ ለማልማት የተነሣችሁ ወገኖች፣ ይህን ልብ በሉ። ገንዳ ሙሉ ውኃ አፍልቶ ማጽዳት ማገዶ ይፈጃል፤ በ121 ዲግሪ እንፋሎት የሚያመክነው መሣሪያም ከጠርሙስና ከብልቃጥ አያልፍም። ስለዚህ በረኪና ይጨመራል። መጨመሩ ስሕተት አይደለም። አደጋው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ስፒሩሊና የሚወደው እንደ ቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ፣ እንደ ጪቱ ሐይቅም ያለ ሶዳ የበዛበትን ውኃ ነው። ፒኤቹ 10 በደረሰ ውኃ ውስጥ ግን በረኪና አቅም ያጣል፤ ተሕዋስያንን ፈጥኖ የሚገድለው የክሎሪን ዓይነት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ሶዳውን አስቀድሞ በጥብጦ በረኪና የሚያፈስ ሰው፣ ሽታው ስለሸተተው ብቻ ውኃው የጸዳ ይመስለዋል። አልጸዳም። ይባስ ብሎ «ጉልበት ይስጠው» በሚል በባልዲው ካለው በረኪና ጋር አሲድ ወይም ኮምጣጤ ያገናኘ እንደሆነ የክሎሪን ጋዝ ይነሣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይተኛል፤ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ሳንባ ውኃ የሚቋጥረው ግን አንዳንዴ ከሰዓታት በኋላ ነውና «አሁን ደኅና ነኝ» ማለት ዋስትና አይሆንም። ጋዙን የተነፈሰ ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ሐኪም ይየው፤ ባልዲውን ላንሣ ብሎ አይመለስ።

ዩሪያና ዳፕም ክሎሪኑ ሳይወገድ አይግቡ። የሚፈጠረው ክሎራሚን ከክሎሪን ይልቅ ውኃው ውስጥ ይቆያል፤ አልጌውንም ይጎዳል።

በረኪናው ምንም ባልተጨመረበት ውኃ ይግባ። ተከድኖ ይደር። በማግስቱ ክሎሪኑ በሶዲየም ታዮሰልፌት ይርከስ፤ ክሎሪን አለመቅረቱም በመፈተሻ ወረቀት ይረጋገጥ። ሶዳውና ማዳበሪያው ከዚያ በኋላ ነው። በሱቅ መስኮት ፀሐይ ሲመታው የከረመ በረኪና (ስንቱ ሱቅ እንዲህ ይደረድረዋል!) በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ብርታት የለውምና አትመኑት።

ፈቃድ የምትሰጡና የምትቆጣጠሩ ኃላፊዎች ሆይ፣ የስፒሩሊና ዱቄት ሕፃናትም የሚበሉት ነው። የታሸገውን ብቻ መርምሮ ማለፍ አይበቃም። ውኃው በምን እንደጸዳ፣ ክሎሪኑ በምን እንደረከሰ፣ ማን እንደፈተሸው ጠይቁ፤ መዝገቡንም እዩ። ዘሩ ከየት እንደመጣም አትለፉት፤ ከሐይቅ በጆግ የተቀዳ ዘር መርዛማ ዝርያ ቀላቅሎ ከገባ፣ ውኃውን አስቀድሞ በበረኪና ማጽዳት አያድንም።

በሚቀጥለው ጉብኝታችሁ መጀመሪያ መጋዘኑን አስከፍቱ። አሲዱና በረኪናው ጎን ለጎን ከተገኙ፣ ሌላውን ከማየታችሁ በፊት አስለዩአቸው።